አንዱ «ጆሮ ይበሳል» ያለውን ሌላው «ነፍስ አለው» ይለዋል

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ዋጋቸው የማይከብድ ታወር ስፒከሮች

ባለፈው እትም ወለል ላይ ስለሚቆሙት፣ ገበያው «ታወር» ስለሚላቸው ስፒከሮች አስተያየትና ጥያቄ እንድትልኩልን ጠይቀን ነበር። የደረሱን አስተያየቶች እርስ በርስ ይጣላሉ፤ አንዱ ያወደሰውን ሌላው ሸጦ ተገላግሏል። ስለዚህ መልሱን የድምፅ መሣሪያ ለሚገጥሙና ለሚጠግኑ ባለሙያዎች ሰጥተናል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፈው ከገርጂ ነው። ሳሎናችን 4 በ5 ሜትር ነው። ስለ ክሊፕሽ አር-620ኤፍ የሰዎችን አስተያየት ሳነብ አንዱ «ጆሮ ይበሳል፣ ግማሽ ሰዓት አያስቀምጥም» ይላል፤ ሌላው «ነፍስ አለው፣ ዘፋኙ ቤትህ የገባ ይመስልሃል» ይላል። አንድ ዕቃ እንዴት ሁለቱንም ይሆናል? ማንን ልመን?

መልስ፦ ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ሳይናገሩ ያለፉት የሰሙበትን ክፍል ነው። የዚህ ስፒከር ትዊተር፣ ማለትም ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ክፍል፣ የተቀመጠው በቀንድ ውስጥ ነው። ቀንዱ ቀጭኑን ድምፅ እንዳይበተን ሰብስቦ ወደ ፊት ይወረውረዋል። ምንጣፍ፣ ወፍራም መጋረጃና የጨርቅ ሶፋ ባለበት ክፍል ይህ ጠባይ ጸጋ ነው፤ ክራር ሲመታ ጥፍሩ ሳይቀር ይሰማል። ወለሉ ሴራሚክ፣ ግድግዳው የተለሰነ ብሎኬት፣ ፊት ለፊቱ ባለመስታወት ቡፌ የሆነበት ሳሎን ውስጥ ግን ያው ድምፅ ከግድግዳ ግድግዳ እየተላተመ ይመለሳል፤ «ስ» እና «ሽ» ይፋጫሉ። ክፍልዎ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ መሐል ላይ ቆመው አንዴ ጠንከር አድርገው ያጨብጭቡ። ከጭብጨባው ኋላ «ጭርርር» የሚል ጭራ ከተሰማ ቀንድ ያለውን ስፒከር አይቸኩሉበት።

ቤዝ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። በኢንተርኔት የምናነባቸው አስተያየቶች አብዛኞቹ የተጻፉት አሜሪካ ውስጥ ነው። እዚያ ግድግዳው በእንጨት ማገር ላይ የተመታ ጂፕሰም ቦርድ ነው። ወፍራም ድምፅ ሲያገኘው ይርገበገባል፤ ከጉልበቱ ከፊሉ እዚያው ይቀራል፣ ከፊሉ ወደሚቀጥለው ክፍል ያልፋል። ብሎኬትና ኮንክሪት ግን ንቅንቅ አይሉም፤ ቤዙን መልሰው ለእርስዎ ይሰጡታል። ስለዚህ አንድ የኦሃዮ አድማጭ «ቤዝ ያንሰዋል» ያለው ስፒከር ገርጂ ላይ ልክ ሊመጣ ይችላል። «ቤዙ ሙሉ ነው» ብሎ ያወደሰው ደግሞ ገርጂ ላይ ሊያጓራ ይችላል። ኮከብ ከመቁጠርዎ በፊት አስተያየት ሰጪው ስለ ቤቱ፣ ስለ ወለሉ፣ ከስፒከሩ ስንት ሜትር ርቆ እንደሚቀመጥና ለስፒከሩ ኃይል ስለሚሰጠው ማጉያ፣ ስለ አምፑ፣ አንድ ነገር ብሎ እንደሆነ ይፈልጉ። ምንም ካላለ አስተያየቱን ዝለሉት ማለት ይቀለናል።

በዚህ ዓይን ስማቸው የሚደጋገመውን ጥቂቶቹን እንያቸው። ሶኒ ኤስኤስ-ሲኤስ3 ሁለት 13 ሴንቲ ሜትር ዉፈር (ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣው ክፍል)፣ ትዊተርና ከላይ ሌላ ትንሽ ሱፐር ትዊተር አለው። አድማጮች ጥራቱን ያመሰግኑና «ለቁመቱ ቤዙ ቀላል ነው» ይላሉ። ለብሎኬት ቤት ይህ ነቀፋ ብዙም አያስፈራም። ሣጥኑ ግን ሲያንኳኩት ቀለል ያለ ነው፤ ድምፁ ከፍ ሲል አብሮ ይዘፍናል። ፖልክ ቲ50 ፊቱ ላይ ሦስት ትልልቅ ክቦች አሉ። «ሦስት ዉፈር አለው» ብሎ የሚሸጥልዎ አይጠፋም፤ ኮይል፣ ማለትም ከአምፑ ኤሌክትሪክ የሚቀበል የሽቦ ጥቅልል፣ ያለው አንዱ ብቻ ነው። ሁለቱ ሽቦ ያልደረሳቸው፣ በሣጥኑ አየር ግፊት ብቻ የሚንቀሳቀሱ ፓሲቭ ራዲያተሮች ናቸው። ማታለል አይደለም፤ ሌላው ስፒከር ላይ ቤዙን ለማገዝ ሣጥኑ ላይ የሚከፈተው ቀዳዳ የሚሠራውን ሥራ ነው የሚሠሩት። ዋጋ ሲያወዳድሩ ግን እንደ ሦስት አይቁጠሯቸው። የቲ50 አድማጮች ቤዙን ይወዱታል፤ «ላይኛው ድፍን ያለ ነው» የሚል ቅሬታ አላቸው። ሴራሚክ በበዛበት ሳሎን ያ ድፍንነት እረፍት ሊሆን ይችላል።

ዋርፍዴል ዳይመንድ 12.3 ለስላሳ ነው ይባላል፤ ሰዓታት ተቀምጠው የሚሰሙ ይመርጡታል፣ ደስታ በታላቅ ድምፅ የሚመጣላቸው «አንቀላፋብኝ» ይሉታል። ዳሊ ኦቤሮን 5 ቁመቱ 83 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፣ ለጠባብ ቤት የተሠራ። አምራቹ ራሱ «ወደ አድማጩ አታዙሩት፣ ቀጥ ብሎ ይቁም» ይላል። አዙሮት «ሹል ነው» የሚል አድማጭ ካጋጠመዎ ጥፋቱ ከየት እንደመጣ ይገባዎታል።

ለእርስዎ ሳሎን፣ ጭብጨባው ጭራ ካለው፣ ከዳይመንዱና ከኦቤሮኑ አንዱን እንመርጣለን። ልብዎ ክሊፕሹ ላይ ካረፈ ቢያንስ 2 በ3 ሜትር የሆነ ወፍራም ምንጣፍ በበጀቱ ውስጥ ያስገቡ፤ ስፒከሮቹንም ወደ እርስዎ ሳያዞሩ ቀጥ አድርገው ያቁሟቸው።

ሱቅ ሄደው ሲሞክሩ የሚያውቁትን ይዘው ይሂዱ። አንድ የበገና ቅጂ አይቅር። እንዚራ የሚባሉት ቁራጭ ቆዳዎች ከአውታሩ ጋር ሲነካኩ የሚፈጥሩት ንዝረት ከታች ከወፍራሙ ተነሥቶ ቀጭኑ ድረስ ይዘረጋል። ይህ ማለት ዉፈሩም ትዊተሩም አንዷን ድምፅ ተካፍለው ነው የሚጫወቷት። በመካከላቸው ድምፅ የሚያከፋፍለው ሰርኪት፣ ክሮስኦቨሩ፣ ደካማ ከሆነ ንዝረቱ ከአውታሩ ተነጥሎ ሌላ ቦታ የሚሰማ ይመስላል። ቀጥሎ ሴት ድምፅና ክራር ብቻ ያለበት፣ ከዚያ ቤዝ ጊታሩ ጎላ ያለ አዲስ ዘፈን። በ1960ዎቹ የተቀረጹት የአዲስ አበባ ሸክላዎች ለጆሮ ማር ናቸው፤ ጥልቅ ቤዝ ግን ብዙም ስለሌላቸው ታወርን ከትንሽ ስፒከር አይለዩልዎም።

ጥያቄ፦ ከሐዋሳ። «2,000 ዋት» የተጻፈበት ታወር ከነአምፑ፣ ስም ካለው «100 ዋት» ታወር በግማሽ ዋጋ አገኘሁ። ምን ያመልጠኛል?

መልስ፦ 2,000 ላይ «ፒኤምፒኦ» የሚል ምልክት ይፈልጉ። ይህ አምራቹ እንደፈለገ የሚያሰላው፣ ምንም ደንብ የማይገዛው ቁጥር ነው። ቀላል መፈተኛ አለ፦ የአምፑን ጀርባ ያዙሩትና ከሶኬት የሚስበውን ዋት ያንብቡ። 80 ዋት የሚስብ ዕቃ ያለማቋረጥ ከ80 ዋት በላይ ለስፒከር ሊሰጥ አይችልም፤ ከፊሉም ሙቀት ሆኖ ይጠፋል።

ከዋት ይልቅ በዴሲቤል የሚጻፈውን ሴንሲቲቪቲ ይዩ። 88 ዴሲቤል ያለው ስፒከር በ1 ዋት፣ በ1 ሜትር ርቀት ያንን ያህል ይጮኻል ማለት ነው። ጥንዱ 3 ሜትር ርቆ በተለመደ ሳሎን ውስጥ፣ ለእያንዳንዱ 1 ዋት ሲሰጠው፣ ወደ 84 ገደማ ይደርሳል። መደበኛ ወሬ 60 አካባቢ ስለሆነ ይህ ቀላል አይደለም። ኃይሉ እጥፍ በሆነ ቁጥር የሚጨመረው 3 ዴሲቤል ነው፤ ስለዚህ 16 ዋት ወደ 96 ያደርስዎታል፤ ጎረቤት በር የሚያንኳኳው እዚያ ነው። 85 እና 91 ዴሲቤል በሆኑ ሁለት ስፒከሮች መካከል ያለው ልዩነት የአምፕ ኃይልን በ4 ያባዛል። ካታሎግ ላይ «2.83 ቮልት» የሚል ካዩ ደግሞ ይጠንቀቁ፦ ያ ቮልቴጅ በ8 ኦም (ስፒከሩ ኤሌክትሪኩን የሚቋቋምበት መጠን) 1 ዋት፣ በ4 ኦም ግን 2 ዋት ነው። ባለ 4 ኦሙ ስፒከር ያለ ሥራው 3 ዴሲቤል ተመርቆለታል። ክሊፕሽ ለአር-620ኤፍ የሚጽፈው 96ም በክፍል ውስጥ የተለካ ነው፤ የዚህ ኩባንያ ስፒከሮች በገለልተኛ መለኪያ ብዙ ጊዜ ዝቅ ብለው ይገኛሉ።

በነገራችን ላይ ካታሎጉ የተጻፈው ለባሕር ጠለል አየር ነው። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ አየሩ ሳስቶ፣ አየር የሚገፋው የስፒከሩ ሾጣጣ ፊት፣ ኮኑ፣ ያንኑ ያህል ቢንቀሳቀስም የሚገፋው አየር ቀላል ስለሆነ ወደ 2 ዴሲቤል ይጎድላል። 16 ዋት ይበቃ የነበረው ወደ 25 ይጠጋል። ሐዋሳ ዝቅ ስለምትል ጉድለቱ ያንሳል። የሣጥኑ ቀዳዳ የተቃኘበት ሄርዝ (በሰከንድ የሚንዘርበት ብዛት) ግን በከፍታ አይለወጥም።

በ12 ቮልት አዳፕተር የሚሠሩት ትንንሽ የቻይና አምፖች ሌላው ወጥመድ ናቸው። ላያቸው ላይ «100 ዋት በ2» ቢጻፍም ከ12 ቮልት በ8 ኦም ሊወጣ የሚችለው በሒሳብ ቢበዛ 9 ዋት ነው፤ በ24 ቮልት አዳፕተር 36 ይሆናል። ቺፑ 24 ቮልት የሚቀበል መሆኑን አረጋግጦ፣ 5 አምፒር የሚሰጥ አዳፕተር መግዛት ከአዲስ አምፕ ይረክሳል። ትዊተርን የሚያቃጥለውም ብዙ ጊዜ ትልቅ አምፕ አይደለም። ትንሹ አምፕ አቅሙ ሲያልቅ የሞገዱን አናት ይቆርጠዋል፤ ከዚያ የሚወለደው ሹል ድምፅ በሙሉ ጥቂት ዋት ብቻ ወደሚችለው ትዊተር ይሄዳል። ድምፁ መሻከር ሲጀምር ቁልፉን ይመልሱ።

ጥያቄ፦ ከአዳማ። ሳሎናችን 4 በ4 ነው። ታወሮቹን ሁለቱ ማዕዘን ላይ አቁሜ ሶፋውን ከኋላ ግድግዳ ጋር አጣብቄዋለሁ። አንዳንድ የቤዝ ኖታ ላይ ቤቱ ይንቀጠቀጣል፣ ቀጣዩ ኖታ ይጠፋል። የኳስ አስተላላፊውም በርሜል ውስጥ ሆኖ የሚያወራ ይመስላል። ስፒከሩ ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ስፒከሩ ደህና ነው፤ የሚጮኸው ክፍሉ ነው። 171.5ን በክፍሉ ርዝመት (በሜትር) ያካፍሉ፤ የሚመጣው ክፍሉ ራሱ የሚዘፍንበት ሄርዝ ነው። 4 ሜትር 43 ሄርዝ ይሰጣል። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር ሳይጫኑት 41፣ የመጀመሪያው ፍሬት ላይ 44 ገደማ ነው፤ ልክ እዚያው ላይ ወደቀ። ክፍሉ አራት ማዕዘን እኩል በመሆኑ ደግሞ ርዝመቱም ስፋቱም በአንድ ድምፅ ይጮኻሉ። 4 በ5 ቢሆን ኖሮ 43 እና 34 ተብሎ ይከፈል ነበር። ኮርኒሱ 2.8 ሜትር ከሆነ ሌላ 61 ይጨመራል። ማዕዘን ላይ ያለ ስፒከር እነዚህን ሁሉ በአንድ ጊዜ ይቀሰቅሳል፤ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ሶፋ ደግሞ ሁሉም የሚከማቹበት ቦታ ነው። ሁለቱን ስሕተቶች አንድ ላይ ነው የያዟቸው፤ በአብዛኛው ሳሎን እንዲሁ ነው።

መጀመሪያ ሶፋውን 40 ወይም 50 ሴንቲ ሜትር ከግድግዳው ያላቁት። ብዙም አይመስልም፣ ለውጡ ግን ወዲያው ይሰማል። ስፒከሮቹን ከጀርባቸው ካለው ግድግዳ 50፣ ከጎን ግድግዳ 75 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ያምጧቸው፤ ሁለቱ ርቀቶች እኩል እንዳይሆኑ፣ እኩል ከሆኑ ጉድለቱም ጉብታውም ይደራረባል። ከዚያ ስልክዎ ላይ የድምፅ ሞገድ የሚያወጣ መተግበሪያ ጭነው ከ35 ሄርዝ ጀምሮ እስከ 120 ቀስ እያሉ ይውጡ። ሶፋው ላይ ተቀምጠው የቱ ላይ እንደሚያብጥ፣ የቱ ላይ እንደሚጠፋ ይጻፉ። ድምፁ ዝቅ ያለ ይሁን፤ ባለቀዳዳ ስፒከር ከተቃኘበት በታች ሲወርድ ኮኑን የሚይዝለት አየር ስለሌለ ሲርገበገብ ሊጎዳ ይችላል። ስፒከሮቹን በ10 ሴንቲ ሜትር፣ በ10 ሴንቲ ሜትር እያንቀሳቀሱ ይድገሙት። አንድ ሰዓት የሚወስድ ሥራ ነው፤ ወለሉ ላይ በፕላስተር ምልክት ያድርጉ፣ ቤት ሲጸዳ ቦታው ይጠፋልና።

አብዝተው ግን አይሳቡት። ከኮኑ ፊት ከስፒከሩ ጀርባ እስካለው ግድግዳ ያለው ርቀት የራሱን ጉድጓድ ይቆፍራል፦ 343ን በ4 እጥፍ ርቀት ሲያካፍሉ 80 ሴንቲ ሜትር 107 ሄርዝ፣ 1 ሜትር 86 ሄርዝ ላይ ድምፁን ያሳሳል። የወንድ ድምፅ ሥጋ ያለው እዚያው ነው።

አሁንም ካጓራ በሁለቱም ስፒከሮች ቀዳዳ ውስጥ ንጹሕ ወፍራም ካልሲ ላላ አድርገው ጠቅልለው ያስገቡ፤ ጫፉ ውጭ ይቅር፣ ውስጥ ከገባ ለማውጣት ዉፈር መፍታት ይመጣል። ቤዙ ቀደም ብሎ መውረድ ይጀምራል፣ ግን ይጠራል። ቲቪዎ ወይም አምፑ ኢኳላይዘር ካለው ያበጠውን ሄርዝ በ5 ወይም 6 ዴሲቤል ይቀንሱ። የጠፋውን ኖታ ለመመለስ ግን አይጨምሩ። ክፍሉ ራሱ የሚያጠፋውን ድምፅ አምፕ ቢገፋው አይሞላም፤ እያንዳንዱ 3 ዴሲቤል ጭማሪ ኃይሉን እጥፍ ያደርጋል፣ ተጎጂው ዉፈሩ ነው።

የእንቁላል ካርቶን ግድግዳ ላይ መለጠፍ ለቤዝ ምንም አያደርግም፣ ለቀጭኑም ከምንም በጥቂት የሚሻል ነው፤ እሳት ግን ይወዳል። መጋረጃ ላይ የተደረበ ጋቢ ጭብጨባው ላይ የሚሰማውን ጭራ ያሳጥራል፣ ቤዙን አይነካውም። 10 ሴንቲ ሜትር የፍራሽ ስፖንጅ ከግድግዳ 5 ሴንቲ ሜትር አርቀው ቢያቆሙት የሰው ድምፅን ያጠራል። ለ43 ሄርዝ የሚሆን ስፖንጅ ግን ሶፋ የሚያክል ነው፤ እንዲያውም ያለው ሶፋ ራሱ በዚህ ረገድ ከሁሉም የተሻለ ዕቃዎ ነው።

ጥያቄ፦ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ። ለእናቴ ቤት አዲስ አበባ ታወርና አምፕ ይዤ ልሂድ ነው። ኤሌክትሪኩ ያቃጥለዋል ይሉኛል።

መልስ፦ ሶኬት የሌለው ፓሲቭ ስፒከር ቮልት አያውቅም፤ አሜሪካም ኢትዮጵያም ያው ነው። የሚቃጠለው አምፑ ነው። ጀርባው ላይ «120 ቮልት 60 ሄርዝ» ብቻ ካለ 220 ቮልት ላይ ሲሰካ ቢያንስ ፊውዙ፣ ሲብስም ትራንስፎርመሩ ይሄዳል። «100–240» የሚል ካለ በነፃነት ይሰኩት። ቮልት መቀየሪያ ካለው ከመሰካትዎ በፊት ያዙሩት። አለበለዚያ 220ን ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል፤ አቅሙ አምፑ ከሚስበው ዋት ቢያንስ 1 ተኩል እጥፍ ይሁን። ትራንስፎርመሩ ቮልቱን እንጂ ሄርዙን አይለውጥም፤ 60 ሄርዝ ብቻ ተብሎ የተሠራ አምፕ በ50 ሲሠራ ይበልጥ ይሞቃል። ከ60 ሄርዝ ጋር እኩል የሚሽከረከር ሞተር ያለው የሸክላ ማጫወቻም ከ6 እጅ አንዱን ያህል ይዘገያል። የእኛ ምክር፦ ስፒከሩን ከዚያ ያምጡ፣ አምፑን ባለ 220 እዚህ ይግዙ፣ መብራት ሄዶ ሲመለስ ከሚመጣው ከፍተኛ ቮልት ስታቢላይዘር ያስቀድሙለት።

የጉዞ ሻንጣ ሒሳቡንም አስቀድመው ያስሉ። ብዙ አየር መንገዶች አንድ ሻንጣ 23 ኪሎና ርዝመት፣ ስፋትና ቁመቱ ተደምሮ 158 ሴንቲ ሜትር ነው የሚፈቅዱት። 100 በ40 በ30 የሆነ ካርቶን 170 ይሆናል፤ ክብደቱ ቢበቃም መጠኑ ያስከፍላል። ኦቤሮን 5ን የሚያህለው ሊያልፍ ይችላል፣ ክሊፕሹን የሚያህለው አያልፍም። ሹል እግሮቹንና የጀርባ መሰኪያ ማያያዣዎቹን ፈትተው በፌስታል ለብቻ ያስሩ፤ የፊት መረቡን ሳይሆን በትዊተሩ ላይ ጠንካራ ካርቶን ይሸፍኑ። መረቡ ሲጫነው ትዊተሩን የሚሰረጉደው እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ከድሬዳዋ። ፍራሽ ላይ ተቀምጠን ነው ሙዚቃ የምንሰማው። ተቀምጬ ድፍን ነው፣ ስነሣ ይጠራል።

መልስ፦ ታወር የሚቃኘው ሶፋ ላይ ለተቀመጠ ጆሮ ነው፤ ትዊተሩ በብዙዎቹ 95 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው፣ የእርስዎ ጆሮ ፍራሽ ላይ 75 አካባቢ። ዉፈርና ትዊተር ድምፃቸው እኩል የሚደርሰው በአንድ ከፍታ ላይ ብቻ ነው፤ ከዚያ ሲወርዱ መካከል ላይ ይጠፋፋሉ። 3 ሜትር ርቀት ላይ 20 ሴንቲ ሜትር ለማውረድ፣ ጥልቀቱ 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ስፒከር የኋላ እግሩ 2 ሴንቲ ሜትር ከፍ ቢል ይበቃል። ጠፍጣፋ ጣውላ ያድርጉ፤ ከዚያ በላይ ካዘነበለ ሕፃን ሲደገፈው ይወድቃል። ግድግዳ ላይ ቢያስሩት ይሻላል።

ጥያቄ፦ ከዱባይ። መኝታዬም ሳሎኔም 3 በ3 ሜትር ተኩል ነው። ታወር ወይስ ትንሽ?

መልስ፦ ትንሽ። በዚህ ክፍል ታወር የሚጨምርልዎት የማይፈልጉትን ቤዝ ነው። ባለ 13 ወይም 16 ሴንቲ ሜትር ዉፈር የመደርደሪያ ስፒከር ይግዙ። አዲስ አበባ ያለ አንባቢ ቢሆን መቆሚያውን ለብረት ሠሪ ያሠራ ነበር፦ 60 ሴንቲ ሜትር የካሬ ቱቦ፣ ከታች ሰፊ ላሜራ፣ ውስጡ ደረቅ አሸዋ። እዚያ ግን ተገጣጣሚውን መግዛት ይቀላል።

ጥያቄ፦ ከመገናኛ። የ20 ዓመት የጃፓን ታወር በርካሽ አግኝቻለሁ። ምን ልይ?

መልስ፦ መጀመሪያ የዉፈሩን ጠርዝ። ስፖንጅ ከሆነ ጣትዎ ሲነካው ይፈረፈራል፤ እድሜው ስለደረሰ ነው፣ ጎማ ከሆነ ግን ገና ብዙ ይሄዳል። የተፈረፈረ ጠርዝ በትክክለኛ ልኬት አዲስ ይለጠፍለታል፤ ማጣበቂያው እስኪደርቅ አንድ ቀን ሳይነኩት ይቆያል። ሠሪው ኮኑን መሐል ሳያስይዝ ከለጠፈው ኮይሉ ማግኔቱን እየፋቀ ይሄዳል። ይህንን ለማወቅ በሁለት እጅ ጣቶች ኮኑን እኩል ቀስ አድርገው ይጫኑ፤ «ከርር» ካለ ይተዉት ወይም ኮይሉን ማስጠምጠሚያውን ከዋጋው ላይ ያስቀንሱ።

መልቲሜትር ይያዙ። ባለ 8 ኦሙ ዉፈር 5 ተኩል እስከ 7፣ ባለ 4 ኦሙ 3 እስከ 3 ተኩል ያነባል። ከጀርባ ሲለኩ የሚነበበው ዉፈሩ ብቻ ነው፤ ትዊተሩ ፊት ወፍራሙን ድምፅ የሚያግድ ካፓሲተር ስላለ አይታይም። የሁለቱን ትዊተሮች ጤና የሚያውቁት ወደ ሞኖ (ሁለቱም ስፒከሮች አንድ ዓይነት ድምፅ ወደሚያወጡበት) ቀይረው፣ ጆሮዎን አስጠግተው፣ አንዱን ከአንዱ ሲያወዳድሩ ነው። አንዱ ደብዘዝ ካለ ወይ ካፓሲተሩ ደርቋል ወይ ሌላ ትዊተር ተገጥሞለታል፤ ብሎኖቹ የተፋቁ ከሆነ ሁለተኛው ነው። ሁለት የተለያዩ ትዊተሮች ያሉበት ጥንድ በነፃ ቢሰጥዎም ዘፋኙን መሐል አያቆመውም።

ቀጥሎ ስልክዎን መብራት አብርተው በቀዳዳው ውስጥ ይመልከቱ። አይጥ ለጎጆ የሚመርጠው ሙቅ፣ ጨለማና ጥጥ የሞላበት ቦታ ነው፤ ስፒከር ሦስቱንም አሟልቷል። ሽቦ ይበላል፣ ሽንቱ ኮኑን ያበሰብሳል። በመጨረሻ ሣጥኑን ያጋድሙና ሥሩን ይዩ። ወለል በባልዲ ውሃ በሚታጠብበት ቤት የቆመ ኤምዲኤፍ (ሣጥኑ የሚሠራበት የተጨመቀ የእንጨት ብናኝ) ከሥሩ እንደ ዳቦ ያብጣል፣ መጋጠሚያው ይከፈታል፣ አየር ያሾልካል። ሲገዙት ያላበጠውን እርስዎ እንዳያሳብጡት እግር ያስገቡለት። ሹል እግር ሴራሚኩን እንዳይቧጭር ከሥሩ የ1 ብር ሳንቲም ይበቃዋል፤ ከታች ጎረቤት ካለ ግን ሹሉን ትተው ወፍራም ጎማ።

ጥያቄ፦ ከቦሌ። የስፒከር ሽቦ ሜትሩ ከኤሌክትሪክ ሽቦ 10 እጥፍ ነው። ዋጋው ያወጣል?

መልስ፦ አያወጣም። ለ5 ሜትር 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ ተጣጣፊ የመዳብ ሽቦ ይበቃል፤ ደርሶ መልሱ ሬዚስታንስ 0.12 ኦም ገደማ ነው። 2.5 ከሆነ ወደ 0.07 ይወርዳል። ጫፉን በምላጭ ይፋቁት፤ ከቀዩ ሥር ነጭ ካወጣ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው፣ አንድ ቁጥር ከፍ ያለ ይግዙ። ሁለቱም ስፒከሮች ላይ ቀዩ ከቀይ፣ ጥቁሩ ከጥቁር መሰካቱን ያረጋግጡ። አንዱ ከተገለበጠ ቤዙ ይጠፋል፣ ዘፋኙም ከግራና ቀኝ ግድግዳ ተበትኖ ይመጣል። ስሙ የጠፋ የድሮ ስፒከር ላይ የትኛው ቀይ እንደሆነ ካልታወቀ ባለ 1.5 ቮልት ባትሪ ለአፍታ ያስነኩት፦ ኮኑ ወደ ውጭ ከወጣ የባትሪው ፖዘቲቭ የነካው ቀዩ ነው።